ዘግቼ ነበር

እስካለፈው ጥር ድረስ የመገናኛ ሬዲዮ አስተማሪ ነበርኩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ከየፕሮጀክቱ የሚላኩ ሾፌሮች ፊቴ ይደረደራሉ፤ እኔም ጠመኔ ይዤ ስለ ጥንቃቄ እደሰኩራለሁ። ቤንዚን ሲቀዳ ሬዲዮ ይዘጋል። አንቴና ያለው መኪና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አይቆምም። ማይኩ መስቀያው ላይ ይሰቀላል እንጂ መቀመጫ ላይ አይጣልም፤ ሳታውቀው ቁልፉ ላይ ተቀመጥክበት ማለት የቤትህን ጉዳይ አገር ሰማው ማለት ነው። ድማሚት ያለበት ቦታ ሲሄዱ ደግሞ ቀይ ባንዲራው ጋ ሳይደረስ ይዘጋል፤ ድምፁን መቀነስ መዝጋት አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል ይሉኛል። አንድ ሾፌር «መምህር ይቺን ነገር እንደ ዐዋጅ ነው የሚያነቧት» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መሳቅ ድሮም አያቅተኝም።

ነገሩ የሆነው በ1974 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው። ያኔ ከናዝሬት ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ ዴራ ሳይደረስ፣ ለመንገድ ሥራ ጥቁር ድንጋይ የምናወጣበት ካባ ነበረን። እኔ የፕሮጀክቱ ላንድሮቨር ሾፌር ነበርኩ። መኪናዋ ሬዲዮ አብሯት የተገጠመላት ናት፤ ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ አረንጓዴ ሳጥን፣ ከኋላ ደግሞ ሦስት ክንድ የሚሆን አንቴና። ናዝሬት ገበያ ውስጥ ሳልፍ ያ አንቴና ሲወዛወዝ ሰው ዞሮ ያየኛል። እውነቱን ለመናገር የሚታየው አንቴናው ነው፤ እኔ ግን የሚታየው እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን እነፋ ነበር።

የድማሚቱ ኃላፊ ጋሽ መርዳሳ ይባላሉ። ሥራውን ገና በወጣትነታቸው ከጣልያን መንገድ ሠሪዎች ተምረው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲያፈነዱ የአንድ ሰው ጥፍር እንኳ አልተነካባቸውም። በዚህ ይኮሩ ነበር፤ ሌላ የሚኮሩበት ነገር አልነበራቸውም። ሽቦ ከመንካታቸው በፊት ሰዓታቸውን ያወልቃሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ክብሪታቸውን ባንዲራው ሥር ድንጋይ ላይ ትተው ይገባሉ። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሳምንት ክንዴን ይዘው ወደ ቀዩ ባንዲራ ወሰዱኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ስማ ንዋይ፣ ይሄ ያንተ ሳጥን ሲናገር አየሩን በሙሉ ይነካል። የኔ ሽቦ የሚጠብቀው ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ነው። ከኔ ይምጣ፣ ካንተ ይምጣ፣ እሱ አይለይም። ስለዚህ እዚህ ስትደርስ ትዘጋለህ። ዝጋ እስቲ አሁን።»

ዘጋሁ። «ክፈት» አሉ። ከፈትኩ። «ዝጋ።» ሦስት ጊዜ አዘጉኝና ትከሻዬን መታ አድርገው ሄዱ። ሥራውን እንደዚህ አድርጎ ያስተማረኝ ሌላ ሰው የለም።

በዚያ ግንቦት ግን ልቤ ሥራዬ ላይ አልነበረም። ለሬዲዮ ሙያ ቡልጋሪያ የሚላኩ ሠራተኞች ስም ዝርዝር ይጠበቅ ነበር። ከናዝሬት ቢሮ ሬዲዮ ክፍል የምትሠራው ጽጌ «ዝርዝሩ እንደመጣ ካለህበት እጠራሃለሁ» ብላ ቃል ገብታልኛለች። ሳምንቱን ሙሉ ሬዲዮው ላይ ጆሮዬን ጥዬ ከረምኩ። ምሳ ስበላ እንኳ የመኪናዋን በር ከፍቼ ነበር የምበላው።

አንድ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ጆቴ የሚባል የቀን ሠራተኛ ከካባው ወጥቶ ባንዲራው ማዶ ወዳለሁበት እጁን እያወዛወዘ ጮኸ፦ ሽቦ አንሷቸዋል፣ አንድ ጥቅል አምጣ። ባንዲራው ከካባው አምስት መቶ እርምጃ ይርቃል። ደንቡ መኪናውን እዚያ አቁሞ ጥቅሉን ተሸክሞ መሄድ ነው። የግንቦት ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ የዚያ አገር ጥቁር ድንጋይ እሳት ይተፋል። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ባንዲራውን በመኪና አለፍኩ። እጄ ወደ መዝጊያው ሄዶ ነበር። ጽጌ ትዝ አለችኝ። ለአምስት ደቂቃ ነው ብዬ ድምፁን ብቻ ቀነስኩት።

ከጋሽ መርዳሳ አርባ እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ። ጆቴ መጥቶ ሽቦውን ለጋሽ መርዳሳ አድርሶ ካባው ዳር ወዳለው ጥላ ተመለሰ። ጋሽ መርዳሳ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ጎንበስ ብለው የመጨረሻውን ጉድጓድ ሽቦ ያያይዛሉ። ከጎናቸው በሳምንቱ የገባው፣ ድንጋይ የሚበሳው አዲሱ ኮምፕሬሰር ቆሟል፤ ሲመጣ ቀይ ጥብጣብ ተቆርጦለት፣ ንግግር ተደርጎለት ነበር። ልዞር ማርሽ ሳስገባ ከሳጥኑ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ንዋይ! ንዋይ! ናዝሬት ነኝ፣ ትሰማለህ?»

ዝም አልኩ። ይህን ስል የምመካ አይምሰላችሁ።

«ንዋይ! ምሥራች! ንዋይ!»

በኛ አገር ስሙ ተጠርቶ ዝም የሚል ሰው ወይ ደንቆሮ ነው ወይ ባለጌ። እናቴ ስትጠራኝ አቤት ለማለት የዘገየሁ ቀን ጉንጬ ነበር የሚቀጣው። ሃሳብ አልነበረበትም ብል ውሸት አይሆንም፤ እጄ ማይኩን አነሳ፣ አውራ ጣቴ ቁልፉን ተጫነ፣ አፌም «አቤት!» አለ።

ካባው ጮኸ። የፊት መስተዋቱ ተሰነጠቀ፣ ጠጠር ጣሪያው ላይ እንደ በረዶ ወረደ፣ ከዚያ አቧራ ብቻ ሆነ። ከአቧራው ውስጥ ጆቴ «ዋይ! ዋይ!» እያለ ሲሮጥ ይሰማኛል።

እዚህ ላይ የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ከመኪናው መውረድ አልነበረም። መጀመሪያ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ማይኩን መስቀያው ላይ በሥርዓት ሰቀልኩት። ወርጄ ወደ ወደቀው ሰው የሮጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የፈነዳው አንዱ ጉድጓድ ብቻ ስለነበር ጋሽ መርዳሳ ተረፉ። ግን የግራ እጃቸው ሦስት ጣቶች ሄደዋል፣ አንድ ጆሯቸውም ዳግመኛ አልሰማ። ኮምፕሬሰሩ ተገልብጦ ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል። ላንድሮቨሯ ውስጥ አስተኝቼ ወደ ሆስፒታል ስነዳ ደማቸው በመቀመጫው ላይ እየፈሰሰ እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጆቴስ? ጆቴ ደህና ነው? አንተስ?» ደህና ነን አልኳቸው። ለጽጌ ደግሞ ማታ ናዝሬት ስንገናኝ፣ መንገድ ላይ ሳለሁ ባትሪው ደክሞ ጠፋብኝ አልኳት። እሷ የሬዲዮ ሥራ እንጂ የድማሚት ነገር አታውቅ፤ ማንም የጠየቃት አልነበረም። ምሥራቹን ነገረችኝ። ስሜ ወጥቷል።

ዘመኑን የኖረበት ያውቀዋል። አዲስ ማሽን ሲሰበር አደጋ አይባልም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። ጋሽ መርዳሳ ቁስላቸው ሳይደርቅ ከሆስፒታል ወደ እስር ቤት ተወሰዱ። ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው የፕሮጀክቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ተክለሃይማኖት ነበር። የጋሽ መርዳሳ ባለቤት እትዬ ሻሼ ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው ናዝሬት የተከራየሁበት ቤት መጡ። በሳፋ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ይዘውልኝ ነበር።

«አካም ጂርታ ልጄ» አሉና ሳይቀመጡ ጀመሩ። «እሱ እንደ ልጁ ነው የሚያይህ። ያን ቀን ያልተዘጋ ሬዲዮ በካባው አጠገብ አልፎ እንደሆነ ድማሚቱ በራሱ ሊነሳ ይችላል ብሏል። ስለ ሬዲዮ የሚያውቀው አንተ ነህ፤ ያየኸው መኪና ካለ ንገርልኝ። ሌላ ሰው የለንም።»

«እሺ እትዬ ሻሼ፣ የማውቀውን እናገራለሁ» አልኳቸው። እጄን ሳሙት። የኔን እጅ! ከሄዱ በኋላ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እናገራለሁ፣ አልናገርም እያልኩ ዋልኩ። አሻጥር የተባለበት ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ፈራሁ። ቡልጋሪያም ልትቀርብኝ ነው። ጭኮውን ግን በላሁት።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሽ መርዳሳን በጥበቃ አምጥተው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው፤ የግራ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል። የሚሰማው ጆሯቸው ወደ ተናጋሪው እንዲሆን አንገታቸውን ጠምዘዝ ያደርጋሉ። ጆቴ ቀርቦ መኪናዋ ሽቦ አምጥታ እንደነበር ተናገረ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

«ጓድ ንዋይ» አለ ሰብሳቢው፣ «ተከሳሹ ክፍት ሬዲዮ ድማሚት ሊያነሳ ይችላል ብሏል። በዕለቱ በአካባቢው የነበረች መኪና ያንተ ብቻ ናት። ሬዲዮህ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ?»

አዳራሹ ውስጥ እትዬ ሻሼ የት እንደተቀመጡ አውቃለሁ፤ ወደዚያ አላየሁም። እውነቱ አፌ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ነው። «ክፍት» ማለት ከ«አቤት» አይከብድም።

«ዘግቼ ነበር» አልኩ።

ጋሽ መርዳሳ ያልሰሙ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀና አሉና ደህናውን እጃቸውን አነሱ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ይሄ ልጅ እውነቱን ነው። እንዲዘጋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይረሳል ብዬ እንጂ ይዋሻል ብዬ አልጠረጥረውም። ዘጋሁ ካለ ዘግቷል።» ፋሻቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «እንግዲያው የኔ እጅ ነው። ሽቦ ከሽቦ አነካክቼ ይሆናል። አላስታውስም፤ ግን ከኔ እጅ ሌላ የነካው የለም። ይጻፍ።»

ተጻፈ። ማመናቸው እንደ በጎ ነገር ተቆጠረና አሻጥሩ ቀርቶ ቸልተኝነት ተባለ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታሰሩ። ስንወጣ እትዬ ሻሼ በሰው መሃል መጥተው «ስለመጣህልን እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

እኔ በመስከረም ቡልጋሪያ ገባሁ። እዚያም ሆኜ ማን ያውቃል እያልኩ ራሴን አባብል ነበር፤ ማን ያውቃል፣ ምናልባት እውነትም የሳቸው እጅ ይሆናል። አንድ ቀን አስተማሪያችን ጠረጴዛ ላይ ከሁለት አጭር ሽቦ ጋር የታሰረች ትንሽ አምፖል አስቀመጠ። ባትሪ የላት፣ ምን የላት። በእጁ የያዘውን ሬዲዮ ጠጋ አድርጎ ቁልፉን ተጫነ። አምፖሏ በራች። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ማን ያውቃል ማለት አልቻልኩም፤ እኔ አውቃለሁ።

ተመልሼ መጣሁ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ምስክር ወረቀት ተቀበልኩ፣ ተመሰገንኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ብሎ የተረተው ሰው ይህን ዓይነቱን ዝምታ አያውቀውም። ጋሽ መርዳሳ ከተፈቱ በኋላ ሞጆ እንደገቡ ሰምቼ ነበር። በሞጆ ባለፍኩ ቁጥር ቤንዚን ማደያ እንኳ አልቆምም፤ ደብረ ዘይት እስክደርስ እነዳለሁ።

ባለፈው ጥር ግን ሞጆ መሃል ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ። ጎሚስታው እስኪጠግን ቆሜ ሳለሁ ማዶ ካለው ወፍጮ ቤት አንድ ሽማግሌ ወጥተው በሩን ሲቆልፉ አየሁ። ቁልፉን ሳብ አድርገው አረጋገጡ። አምስት እርምጃ ሄደው ተመለሱና ደግመው ሳቡት። ጋሪ አሳልፈው መንገዱን ሊሻገሩ እግራቸውን ካነሱ በኋላ እንደገና ተመለሱ። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። አምስተኛውን ሲስቡ የግራ እጃቸውን አየሁት።

ልሸሽ አሰብኩ፤ መኪናዋ አንድ እግሯ የለም። አዩኝ።

«ንዋይ! አንተ ልጅ!» አቀፉኝ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። «አስተማሪ ሆንክ አሉ። ለሻሼ ነግሬያታለሁ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት እያልኩ። ና፣ ቤቱ ይሄው ነው።» መንገድ ላይ ወደ ወፍጮ ቤቱ መለስ ብዬ ሳይ ሳቁ። «ቁልፉን አየኸኝ? ጥበቃ ነኝ እኮ። ምን ላድርግ፣ ይሄን እጅ አላምነውም። ክብሪት አልጭርም፣ ፋኖስ አልነካም። የልጄን ልጅ እንኳ አቅፌ አላውቅም፤ እጥለዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።»

ይህን የተናገሩት እየሳቁ ነው። እስር ቤቱን፣ ጣቶቻቸውን፣ ጆሯቸውን ስምንት ዓመት ተሸክሜ ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ቤታቸው ገባን። እትዬ ሻሼ ደስ ብሏቸው ውሃ በብርጭቆ ሰጥተውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም መደብ ላይ ተቀምጬ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ባንዲራውን ማለፌን፣ ጽጌን፣ «አቤት» ማለቴን፣ ማይኩን በሥርዓት መስቀሌን።

ጋሽ መርዳሳ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። አልሰሙ ይሆናል ብዬ ወደ ደህናው ጆሯቸው ዞሬ ልደግመው ስል «ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ ጠሩ፦ «ሻሼ! ነይ እስቲ።»

እትዬ ሻሼ መጡ።

«ንገራት» አሉኝ።

ለሳቸውም ነገርኳቸው። ሁለተኛው ይቀላል ያለ ሰው ውሸቱን ነው። እትዬ ሻሼ ጮኸው አልሰደቡኝም። ግማሽ የቀረውን የውሃ ብርጭቆ ከእጄ ወስደው ወጡ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ መርዳሳ» አልኩ እግራቸው ላይ ወድቄ።

«የይቅርታውን ነገር ኋላ እናየዋለን» አሉ። ድምፃቸው እንደ ካባው ዘመን ቆጣ ያለ ነበር። «ለመሥሪያ ቤቱ ነገ ደብዳቤ ትጽፋለህ። አሁን ተነስ።»

«ወዴት?»

«እኔ አወቅሁት። ሰፈሩ ግን እጁ የማይታመን መርዳሳ ነው የሚለኝ። ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እቀልዳለሁ። ተነስ።»

ጋቢያቸውን ደረቡና ፊት ፊት ሄዱ። መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋ፣ ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ ጋ፣ ከዚያ ልጃቸው ቤት። በየቤቱ በር ላይ እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ፣ እኔ እናገራለሁ። ማንም ግባ አላለኝም። ልጃቸው ሰምታ ስትጨርስ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ደግ አደረገች።

መጨረሻ የሄድነው ከዚያው ከልጃቸው ግቢ ጀርባ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ መርዳሳ እናት ነው። በጣም ያረጁ ናቸው፤ ዓይናቸው ብዙም አያይ፣ አማርኛም አይሰሙ። ሰው መምጣቱን ሲያውቁ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና በኦሮምኛ ሰላምታ አወረዱልኝ። እኔ በአማርኛ ተናገርኩ፣ ጋሽ መርዳሳ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስተረጎሙ። ጥፋቴን በሳቸው አፍ ስሰማው ጆሮዬ ጋለ። ስንጨርስ አሮጊቷ እጄን እንደያዙ አንድ ነገር ጠየቁ፣ ልጃቸውም አጭር መልስ ሰጡ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ያኔ ልጅ ነበር ወይ? አሉኝ። አዎ፣ ልጅ ነበር አልኳቸው።»

ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። የሚያየኝ ሰው እንኳ በቤቱ አልነበረም።

«አልነበርኩም ብለው ይንገሩልኝ» አልኩ። «ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።»

ጋሽ መርዳሳ አየት አደረጉኝ። ከዚያ ወደ እናታቸው ጎንበስ ብለው ነገሯቸው። አሮጊቷ እጄን ለቀቁት።